የአስር ሰዓቱ ማዕበል

የኔነሽ ተሻገር ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ጎረቤቶቿ ይህን ስለሚያውቁ ወደ ቤተሰቧ በመጣች ቁጥር «እንዴት ከረመ ማዕበሉ?» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች። ከንፋስ መውጫ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ከሚርቅ የገብስ አገር ተነስቶ የውቅያኖስ ማዕበል አጠናለሁ የሚል ሰው ቢሳቅበት አይፈረድም። ባሕር ዳር ከተማ ሆና ሦስተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው ነፋስ የሚያስነሳውን ማዕበል አስቀድሞ የሚናገር የኮምፒዩተር ሞዴል በማሻሻል ነው። የመረጠችው ባሕር ደግሞ ጅቡቲንና የመንን የሚለየው ጠባብ መተላለፊያ ነው። በመረጠችበት ጊዜ ታናሽ ወንድሟ ምንይችል ገና ከአባቱ ጋር እያረሰ ነበር።

አሁን ግን ምንይችል በዚያ ባሕር ዳርቻ፣ ኦቦክ ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ፣ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ደወለላት።

«እታለም፣ ዛሬ ነው» አላት። «አስር ሰዓት ላይ እንነሳለን። ደላላው ስማችንን ጠርቶ ጨርሷል፤ ሠላሳ ሁለት ነን። ደህና ሁኝ ልልሽ ነው የደወልሁት።»

የታኅሣሥ ሐሙስ ነበር፤ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል። የኔነሽ ከአባቷ አውድማ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ተቀምጣለች፤ በሰፈሩ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ላፕቶፗ ጭኗ ላይ ነበር። ባሕር ዳር ያለው ትልቁ ማሽን ሌሊቱን ሲያሰላ ያደረው ውጤት ከፊቷ በሠንጠረዥ ተደርድሯል። የዛሬው የአስር ሰዓት መስመር የማዕበሉ ከፍታ ሁለት ሜትር ከአርባ ይላል። ለአሥራ አምስት ሰው የተሠራች የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሠላሳ ሁለት ሰው ጭና እንዲህ ያለ ማዕበል ውስጥ ከገባች ያለቀላት ናት።

«አትሳፈር» አለችው። «ምንይችል፣ ስማኝ። ዛሬ እንዳትሳፈር። መሀሉ ላይ ባሕሩ ይነሳል።»

ምንይችል ሳቀ።

«ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ብለሽ አስቀረሽኝ። የሄዱት ሁሉ በሰላም ተሻግረው ይኸው የመን ናቸው። እኔ አምስት ቀን ሙሉ በቀን አንድ ጊዜ ሩዝ እየቀመስሁ አሸዋ ላይ ተኛሁ።»

እውነቱን ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጥፋቱ የሞዴሉ ሳይሆን የእሷ የራሷ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ዕለት ወንድሟ «የምንነሳው አራት ሰዓት ላይ ነው» ሲላት እሷ ከሠንጠረዡ ላይ አራት የሚለውን መስመር አነበበች። ሠንጠረዡ ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጅ፣ ያውም በለንደን ነው። ስንት ዓመት በፈረንጅ ሰዓት ስታሰላ የኖረች ሴት፣ ወንድሟ በአገሩ ሰዓት ሲያናግራት የአገሯ ልጅ ሆና ቁጭ አለች። ያነበበችው ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ የነበረውን ክፉ ባሕር ነው። ጀልባዋ በተነሳችበት ሰዓት ማዕበሉ ወድቆ ነበር፤ ሞዴሉም ይህንኑ በትክክል ተናግሮ ነበር። ስህተቷን ያየችው እሑድ ነው። አፍራ ሳትነግረው ቆየች።

አሁን ነገረችው። መናገሯ እንደሚያስታርቃቸው ተስፋ አድርጋ ነበር።

«እና ዛሬስ» አላት ምንይችል፣ ቁጣ ሳይሆን ድካም ባለበት ድምፅ፣ «በየትኛው አገር ሰዓት ነው ያነበብሽው?»

«አሥር ጊዜ አይቸዋለሁ። ትክክል ነው።»

«እኔም አይቸዋለሁ። እንደ አባየ አድርጌ አየሁት። አሸዋውን ዘግኜ ከራሴ በላይ ለቀቅሁት፤ ቀጥ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። ነፋስ የሚባል የለም። ደላላውም በስልኩ አሳየን፤ ባሕሩ አረንጓዴ ነው፣ አንድ ሜትር አይሞላም ይላል።»

በእነሱ አገር በጋይንት ፍሬን ከእብቅ ሊለይ ምርት የሚያዘራ ሰው ነፋስ የሚመረምረው እንዲያ ነው። እብቅ ይዘግንና ከራሱ በላይ ይለቃል፤ እብቁ ወደ ጎን ከሄደ ማዝሪያ ላይዳውን ያነሳል፣ እግሩ ላይ ከወደቀ ተቀምጦ ይጠብቃል። ለአውድማ ከዚህ የሚሻል መመርመሪያ የለም። ለባሕር ግን አይሆንም፤ ሰውየው የሚመረምረው የቆመበትን ነው እንጂ የሚሄድበትን አይደለም። ደላላው ያሳያቸው የስልክ ትንበያም ከዚያ የሚሻል አይደለም። ያ ትንበያ የሚሠራበት አሮጌው ሞዴል ባሕሩን በሰፋፊ ማሳ ይከፋፍለውና ለእያንዳንዱ ማሳ አንድ ነፋስ ይሰጠዋል። መተላለፊያው ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ውሃውና ግራ ቀኙ ተራራ በአንድ ማሳ ውስጥ ይቀላቀላሉ። በተራሮቹ መሀል ታፍኖ የሚወረወረው ነፋስ በስሌቱ ውስጥ የለም። የኔነሽ ስድስት ወር የደከመችው ማሳውን አሳንሳ ያን ነፋስ ለማስገባት ነው። አስገብታዋለች ብላ ታምናለች። የሚያረጋግጥላት ግን አልነበራትም፤ ከእሷ እጅ የደረሰ፣ እዚያ ቦታ ላይ የተለካ ማዕበል አንድም የለም። በሠንጠረዧ ላይ «የታየ» የሚለው ዓምድ ስድስት ወር ሙሉ ባዶውን ነው። መምህሯ ዶክተር ጸጋዬ ደጋግሞ አስጠንቅቋታል፤ ያልተመሳከረ ትንበያ ለሰው አይነገርም።

ይህን ሁሉ ልታስረዳው ጀመረች። ምንይችል አቋረጣት።

«እታለም፣ ከአባየ በቀር ነፋስ አውቃለሁ የሚለኝን ሰው አላምንም። እሳቸው ደግሞ አያናግሩኝም። ስልካችንን ደላላው ስድስት ሰዓት ላይ ይሰበስበዋል። እስከዚያ ክፍት ነው።»

የኔነሽ ላፕቶፗን ቋጥኙ ላይ ትታ ቁልቁል ወረደች። ከአውድማው ዳር ጫማዋን አወለቀች፤ የቱንም ያህል ብትጣደፍ አባቷ ምርት ላይ በጫማ የሚገባን ሰው አይወዱም።

አቶ ተሻገር ገብሱን አበራይተው ጨርሰው እያዘሩ ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከሰው ጋር ብዙ አይነጋገሩም። ምንይችል በሰኔ፣ ዘር ሊዘሩ በሬ በተጠመደበት ማለዳ፣ ቀንበሩን ማሳ ላይ ትቶ ከጠፋ ጀምሮ ደግሞ ከነጭራሹ ዝም ብለዋል። ያን ዕለት ከቄስ ወልደ ሩፋኤል ፊት ቆመው በሩፋኤል ስም ተገዝተዋል፤ ልጁ ደጃቸውን በእግሩ እስኪረግጥ ድረስ ድምፁን ላይሰሙ። በዚህ አገር ግዝት ቀልድ አይደለም። በገዛ አፉ የተገዘተን ሰው የሚፈታው ካህን ብቻ ነው። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ደግሞ ለተዝካር አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ወርደዋል፤ ነገ ካልሆነ አይመለሱም።

«አባየ፣ ምንይችል ዛሬ ባሕር ሊሻገር ነው» አለቻቸው። «ጀልባዋ ትሰምጣለች። እኔን አላምን አለ። አንድ ቃል ቢነግሩት ይሰማል።»

አቶ ተሻገር ላይዳውን አላቆሙም። «ተገዝቻለሁ» አሉ።

«ይሞታል።»

«ተገዝቻለሁ አልሁሽ እኮ። የሩፋኤልን ስም ጠርቸ።» ገብሱ ከእብቁ ጋር ተቀላቅሎ ወደቀ። በሕይወታቸው እንዲያ አዝርተው አያውቁም። «ግዝቴን ብጥስ የሚመጣው በእኔ ላይ መሰለሽ? በእሱ ላይ ነው የሚወርድ። በባሕር ላይ ላለ ልጅ ግዝት ይበጠሳል?»

የኔነሽ የፈራችው እልኸኛ አባት ነበር፤ ያገኘችው ግን ከእሷ ይልቅ ለልጁ የሚፈራ ሰው ነው። በልቧ ተናደደችባቸው፤ ወዲያው ደግሞ አዘነችላቸው። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሌላ የምትለው ባለመኖሩ ወንድሟ የነገራትን እንዳለ ደገመችው።

«አሸዋ ዘግኖ ከራሱ በላይ ለቀቀው። እግሩ ላይ ወደቀ። እንደ አባየ አድርጌ አየሁት፣ ነፋስ የለም አለኝ።»

ላይዳው ቆመ።

«ቀጥ ብሎ ወደቀ?»

«ቀጥ ብሎ።»

አቶ ተሻገር ላይዳውን ምርቱ ላይ አጋደሙትና የአውድማው ዳር ላይ ተቀመጡ። ከዚያ፣ «የቆመበት ሥፍራ ከኋላው ተራራ አለው?» ብለው ጠየቁ።

«አለው። ተራራው ነፋሱን ከልሎበታል። መሀሉ ላይ ሲደርሱ ነው የሚያገኛቸው።»

«ደውይለት» አሉ። «ስልኩን እንዲጮህ አድርገሽ በመሀላችን አስቀምጭው። እንዳይናገር ንገሪው። ትንፍሽ እንዳይል። እኔ እሱን አላናግርም፤ የምናገረው ለአንች ነው። ድምጡን ከሰማሁ ግን አበቃ።»

የኔነሽ ቋጥኙ ላይ ወጥታ ደወለች። አባቷም ጋቢያቸውን እየጎተቱ ተከትለዋት ወጡ። ምንይችል ሲያነሳ ቃል ሳታስተነፍሰው፣ «አባየ እዚህ ናቸው። ምንም እንዳትናገር፤ ብትናገር ይሄዳሉ። ዝም ብለህ ስማ» አለችው። ከወዲያ በኩል የሚሰማው የብዙ ሰው ጫጫታ ነበር። ቀስ በቀስ ጫጫታው ቀነሰ። ስልኩን ድንጋዩ ላይ በመሀላቸው አስቀመጠችው።

አቶ ተሻገር ወደ ስልኩ አላዩም። ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ።

«የኔነሽ» አሉ፣ «የታችኛው አውድማችን ትዝ ይልሻል?»

«ትዝ ይለኛል አባየ።»

«ከጉብታው ሥር የነበረው። ወንድምሽ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። አንድ ቀን ጧት ተነሳሁና እብቁን ዘግኜ ለቀቅሁት። ቀጥ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። ዛሬ ነፋስ የለም ብየ ማዝራቱን ተውሁና ገለባውን በአህያ ጫንሁ። ወንድምሽን በበሩ በኩል ውጣ ብየ ላክሁት።»

በሩ የሚሉት በሁለቱ ጉብታዎች መሀል ያለውን ጠባብ ማለፊያ ነው፤ አንዱ ጎኑ ገደል ነው።

«ከዚያ ሲደርስ ነፋሱ ጭነቱን ከነአህያዋ አንስቶ ገደል ሰደዳት። ልጁን ያገኘሁት የክትክታ ቁጥቋጦ ጨብጦ ተንጠልጥሎ ነው። ሰው ሁሉ አህያዋ ደንብራ ነው ይላል። እንዲያ ብየ ያስወራሁ እኔ ነኝ። እሱም ልጅ ስለነበረ፣ አባቱ ያለውን ብሎ ዝም አለ። አህያዋ አልደነበረችም። ከጉብታ ሥር ቁሜ ነፋስ የለም ያልሁ እኔ ነኝ። በዓመቱ አውድማውን ወደዚህ ያነሳሁት ለምን እንደሆን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።»

የኔነሽ ይህን ሰምታ አታውቅም። ስልኩ ውስጥ የነበረው ጫጫታ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር።

«ተከልሎ የቆመ ሰው እብቅ ቢለቅ እግሩ ላይ ነው የሚወድቅ። አሸዋም ቢሆን ያው ነው። ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ አጉድየ ነው ያስተማርሁት። ይኸን የምነግር ለአንች ነው። ከእሱ ጋር የምነጋገር ቢሆን ኑሮ አትሳፈር ባልሁት ነበር። ደጄም ክፍት ነው ባልሁት ነበር።»

ስልኩ ጥሪው መቋረጡን የሚያሳይ ድምፅ አሰማ። የኔነሽ ደግማ ስትደውል ዝግ ነው አላት። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ደላላው ስልኩን ቀድሞ ሰብስቦት ይሆናል። ከየትኛው ቃል ላይ እንደተቋረጠ፣ አትሳፈር የሚለውን ይስማ አይስማ፣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። አቶ ተሻገር ወደ አውድማው ተመልሰው ማዝራት ጀመሩ። ያን ቀን የነበረው ነፋስ ለማዝራት ተፈልጎ የማይገኝ ነበር፤ እብቁ ርቆ ይሄዳል፣ ፍሬው ንጹሕ ሆኖ ይከመራል። እንዲህ ያለ ነፋስ በመጣ ቁጥር የሚያመሰግኑ ሰው ዛሬ አንድ ቃል አልወጣቸውም። የኔነሽ ከቋጥኙ አልወረደችም። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ደወለች። ስሌቱን ከመጀመሪያው ፈተሸች፤ ስህተት ብታገኝበት ደስታዋ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ትክክል እንዲሆን የለፋችበትን ሞዴል «ተሳሳት፣ እባክህ ተሳሳት» እያለች ለመነችው።

አስር ሰዓት ሲሆን አቶ ተሻገር ላይዳውን ተክለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ቆሙ። የቆሙትን ያህል ቆመው ሲያበቁ እብቁን መጥረግ ጀመሩ።

ስልኩ የጮኸው በማግስቱ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የማታውቀው ቁጥር ነበር። አባቷ ከቋጥኙ ሥር ገብስ ስልቻ ውስጥ እየከተቱ ነበር፤ የስልኩን ጩኸት ሲሰሙ ቀና አሉና ወዲያው ጋቢያቸውን ጆሯቸው ላይ ጠመጠሙ። ግዝታቸውን አልረሱትም።

«እታለም» አለ ምንይችል።

የኔነሽ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና ለአባቷ ራሷን በመነቅነቅ ነገረቻቸው፤ አለ፣ አለ። አቶ ተሻገር ስልቻውን እንደያዙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ማልቀሳቸውን ያወቀችው ከትከሻቸው ነው።

«አልተሳፈርሁም» አላት። «ስልኩን አስጩኼው ነበር። ልጆቹም ተሰብስበው ሰሙት። ሁሉንም ሰማን እታለም፣ እስከ መጨረሻው። ዘጠኝ ሁነን ቀረን። የቀሩት ሳቁብን። የሽማግሌ ተረት ነው አሉ።»

«የሄዱትስ?»

«ጧት ጀሪካን ነው የወጣ። ጀሪካንና ጫማ። ከዚያ... ሌላም ወጣ። አንድ ሰው በሕይወት አልመጣም። ሃያ ሦስት ነበሩ።»

ላፕቶፑ አጠገቧ ተከፍቶ ነበር። የትናንቱ መስመር እንዳለ አለ፤ ሁለት ሜትር ከአርባ፣ ከጎኑም ባዶው «የታየ» የሚለው ዓምድ። ትንበያዋ ትክክል ነበር። ለስድስት ወር በየቀኑ የተመኘችው ማመሳከሪያ መጣላት። የኔነሽ ያን ባዶ ቦታ እያየች ትናንት ለወንድሟ የተናገረችውን ሁሉ በልቧ ደገመችው። አትሳፈር፣ ስማኝ፣ ዛሬ እንዳትሳፈር። ሁሉም ለአንድ ሰው ነበር። ሠላሳ ሁለት ነን ሲላት ሰምታለች፤ ለሌሎቹም ንገራቸው የሚል ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። ዘጠኙ የተረፉት ምንይችል በራሱ ፈቃድ ስልኩን ስላስጮኸው ብቻ ነው። ይህን ስታውቅ አፈረች፤ እንደ ቅዳሜው ዓይነት እፍረት አይደለም፣ የሚወጣላትም አልመሰላት።

ላፕቶፑን ዘጋችው።

«የምታውቃቸውን ስም ንገረኝ» አለችው። «ቄስ ወልደ ሩፋኤል ዛሬ ይመለሳሉ። ጸሎት ይደረግላቸው።»

«የክርስትና ስማቸውን እኮ አላውቅም።»

«የምታውቀውን ንገረኝ።»

ከደብተሯ ላይ ወረቀት ገነጠለች። ምንይችል መጥራት ጀመረ። ሙሉነህ፣ የስማዳ ልጅ፣ ከወገዳ። ጫማውን አበድሮኝ ነበር። ቤቲ፣ ከአርብ ገበያ፤ እናቷን ነርስ ሁኛለሁ ብላ ዋሽታ የመጣች። ይታየው፣ የእስቴ ልጅ፣ ከወንድሙ ጋር፤ የወንድሙን ስም ረሳሁት እታለም፣ አብረን አምስት ቀን ተኝተን ስሙን ረሳሁት። እያለቀሰ ይፈጥን ጀመር። ስሞቹ ተደራረቡ፤ የኔነሽ ብዕሯ አልደርስ አላት፤ «ቆይ፣ ቆይ» ብትለው አልሰማትም።

አቶ ተሻገር መቼ ቋጥኙ ላይ እንደወጡ አላየቻቸውም። ጋቢው ከራሳቸው ወርዶ ትከሻቸው ላይ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከጆሮዋ ላይ ወሰዱና በሁለት እጃቸው ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«ቀስ እያልህ ንገራት» አሉት። «እየጻፈች ነው።»